በቅያሱ የተቀረቀረው ታንከር

ያን ዕለት ጠዋት ወደ ቢሮዬ የሚያስገባው ቅያስ ተዘግቶ ጠበቀኝ። እኔ የውል ወረቀት የምተረጉም ሰው ነኝ፤ ቢሮዬ ከታንከር ሠሪው ከጋሼ በላይ፣ ፎቁ ላይ ነው። መንገዱን የዘጋውም እሳቸው የሠሩት የውሃ ታንከር ነበር፤ በሁለቱ ግድግዳዎች መሐል እንደ ጠርሙስ ቡሽ ተወትፏል። በወዲህኛው በኩል የእህታቸው ልጅ ቆማለች። የከተማ ፕላን ተምራ፣ በአጎቷ ቤት ንድፍ ማውጣቱንና ደንበኛ ማነጋገሩን የያዘች ልጅ ናት። ጋሼ ከሠራተኞቻቸው ጋር በወዲያኛው በኩል ናቸው፤ የሚሰማው ድምፃቸው ብቻ ነው።

«እንዴት አደሩ ጋሼ?» አልኩ ከታንከሩ በላይ አንጋጥጬ።

«ደህና። ተርጓሚው ነህ? ዛሬ በመስኮት ካልሆነ ቢሮህ አትገባም።»

ነገሩን ለማያውቅ ላስረዳ። ጋሼ እዚህ ቦታ ሠላሳ ዓመት ሠርተዋል። ሲጀምሩ ሥራው ባልዲና ትንንሽ በርሜል ነበር፤ ዛሬ የሚታዘዘው ቅያሱ እንደ ልብ የማያሳልፈው ታንከር ነው። ስለዚህ ታንከሩን ሙሉ አድርገው ይሠሩታል። ከዚያ ጠመኔ ከኪሳቸው አውጥተው ወገቡ ላይ መስመር ያሰምራሉ፤ በመስመሩ ለሁለት ይቆረጣል፣ ተሸክመው ያወጡታል፣ መንገድ ዳር እንደገና ይበየዳል። ለአዲስ ሠራተኛም ይህንኑ እንደ ሙያ ያስተምሩታል። እኔ መቁረጫው ሲጮህ ከላይ ሆኜ ጥርሴን እነክሳለሁ፤ ስለዚህ በዚህ ነገር ገለልተኛ ዳኛ ነኝ አልልም።

ባለፈው ወር ግን አንድ ሆስፒታል ካዘዛቸው አሥር ታንከሮች ሁለቱ በዚያችው መስመር አፍስሰው ተመለሱ። ሦስተኛው ቢመለስ ትዕዛዙ ለሌላ ይሰጣል፤ አሥራ አንድ ሠራተኛም ቤቱ ይቀመጣል። ጋሼ ጨነቃቸውና ይህኛውን ሳይቆረጥ ሊያሳልፉት አሰቡ። ቅያሱን ለኩ፣ ሁለት ጣት ይተርፋል አሉ፣ አስገፉት። ከግድግዳው የወጣውን የአሸንዳ ቱቦ ግን ረስተውታል።

«ጋሼ፣» አለች ልጅቷ፣ «የትናንቱን ልመናዬን ልድገመው። ብየዳው ከከተማው ዳር ወዳለ ሰፊ ግቢ ይሂድ።»

«ታንከሩ ሲጣበቅ ያንቺ ምላስ ይፈታል። ስሚኝ፣ ከዓይን የራቀ ከልብ ይርቃል። የኔ ቦታ አገር ያወቀው ፀሐይ የሞቀው ነው። ሰው መንገድ ሲያሳይ ‹ታንከር ሠሪው ጋ ስትደርስ ታጠፍ› ነው የሚለው። ዳር ወጥቼ ማን ሊያገኘኝ?»

«ሰው የሚፈልገው እርስዎን እንጂ እሳቱን አይደለም። ባለፈው ሳምንት ማን መጣ? የሆስፒታሉ መሐንዲስ፣ የመድን ሰውዬው፣ ፎቅ ላይ ውል አስተርጉሞ የወረደው ነጋዴ። አንዳቸውም ብየዳ አላዩም። ወንበርና ንድፍ ፈለጉ፣ ተነጋገሩ፣ ከዚህ ወጥተው እዚሁ አጠገባችን ካለው ባንክና ጠበቃ ዘንድ ሄዱ። ፊት ለፊት ተያይተው የሚጨርሱት ሥራ መሐል ከተማ ይኑር፣ እሺ። ላሜራ ግን ከማን ጋር ሊነጋገር ነው መሐል ከተማ የተቀመጠው? እሱ የሚፈልገው ሰፊ በርና መኪና የሚዞርበት ሜዳ ነው።»

ከታንከሩ ወዲያ አንድ ሠራተኛ ሳቅ አመለጠው። ጋሼ ግን በቀላሉ የሚረቱ ሰው አይደሉም።

«ብረት የሚቀርጽልኝ ቶርኖ ቤቱስ? ቡሎን ሻጩስ? አንድ ቡሎን ቢጎድለኝ አሁን ሦስት እርምጃ ሄጄ አመጣለሁ። እዚያ ሜዳ ላይ ከማን ልበደር?»

ይህ የዋዛ ጥያቄ አልነበረም። የከተማ ፕላን የተማሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚረሱት ይህንኑ ነው። ልጅቷም አልካደችውም።

«እሱስ ልክ ነዎት። ያለ ጎረቤት ሥራ የለም። ብቻዎን ይውጡ ግን አላልኩም። የቶርኖ ቤቱ ባለቤትም ረጅም ብረት ባስገባ ቁጥር የሰው መስኮት እየሰበረ ተቸግሯል፤ ግቢውን ለሁለት እንያዘው ብሎኛል። ቡሎኑን በካርቶን ገዝተን እናስቀምጣለን።»

«ሠራተኞቼስ? ቤታቸውን በትነው ይከተሉኝ?»

እስካሁን አንድ ቃል ያልተነፈሰው ዋናው በያጅ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ፣ የኔ ቤት እኮ እዚያው ዳር ነው። ስምንታችን ከዚያ በኩል ነን። እዚህ የምንደርሰው በሁለት አውቶቡስ ነው።»

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብረኸኝ ስትሠራ ለምን አልነገርከኝም?»

«አልጠየቁኝማ።»

የጋሼ ፊት ባይታየኝም ማፈራቸው ታወቀኝ፤ አሳዘኑኝም። ሠራተኞቻቸውን የሚወዱ ሰው ናቸው፤ የታመመ ሲኖር ቀድመው የሚጠይቁት እሳቸው ነበሩ። የሚመጡበትን መንገድ ግን ጠይቀው አያውቁም።

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም፣» አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸው ላልቶ።

«እርስዎ አንዱን ይውጡ፣» አለች ልጅቷ። « ሌላው ላይ እኔ አለሁልዎ።»

ከዚያ ጋሼ «በሉ ወደ ኋላ ጎትቱት፣» ሲሉ ሰማሁ። «መቆረጡ አይቀርም። ግን የመጨረሻው ይሁን።»

ያንን ታንከር ከውስጥም ከውጭም በገዛ እጃቸው በየዱት፤ አላፈሰሰም።

ግቢው በአራተኛው ወር ተከፈተ፤ ጋሼ እዚያ፣ ልጅቷ አሮጌው ቤት ሆኑ። እውነቱን ለመናገር መንገዱ ይርቃል፣ በሁለቱ መሐል ስልኩም አያሳርፍም። ነገር ግን የቀሩት ሰባት ታንከሮች የተሠሩት በአምስት ሳምንት ነው፤ ድሮ ሁለት ወር ይበቃቸው አልነበረም። ስምንቱ ሠራተኞች በእግራቸው ሄደው ቤታቸው ምሳ ይበላሉ። አሮጌው ቤት ተቀብቶ ጠረጴዛና ስድስት ወንበር ገብቶለታል፤ መሐንዲሱ ንድፍ ሊያይ ሲመጣ ለውሉ ፎቅ ድረስ ወደ እኔ ይወጣል። ሰውም አሁን ድረስ «ታንከር ሠሪው ጋ ታጠፍ» ይላል።

የመጀመሪያው ታንከር ከግቢው ሲወጣ እኔም ተጋብዤ ነበር። መኪናው ላይ ሊጭኑት ሲያነሡት ጋሼ እንደ ልማዳቸው ጠመኔያቸውን አውጥተው ጠጋ አሉ፤ ወገቡንም በእጃቸው ዳበሱ። ሹፌሩ «አባባ፣ ፈቀቅ ይበሉ» አላቸው። ፈቀቅ አሉ። ታንከሩ ሙሉውን፣ ግራ ቀኙን ሳይነካ በበሩ ወጣ። መኪናው እስኪታጠፍ ድረስ ዓይናቸውን አልነቀሉም። ከዚያ ጠመኔውን መዳፌ ላይ አኖሩት።

«ለልጅቷ አድርስልኝ፣» አሉ። «ከእንግዲህ መስመር የምታሰምረው እሷ ናት።»