በደረቁ መታጠብ

በአንዲት ትንሽ ከተማ አጸደ ሕፃናት፣ በርእሰ መምህሩ በአቶ ደምመላሽ ቢሮ፤ መምህርት ስንዱ በሩን ይዛ ቆማለች።

ስንዱ፦ አላዘምራቸውም አልኩ እኮ፣ ጋሼ። ሌላ ሰው ይፈልጉ።

ደምመላሽ፦ ነገ እንግዶቹ የሚመጡት የእጅ መታጠቡን መዝሙር ሊያዩ ነው። በሞቴ፣ ስንዱ፣ አታዋርጅኝ።

ስንዱ፦ መጀመሪያ የግቢው ቧንቧ ውሃ ይምጣለት።

ደምመላሽ፦ ለመዝሙር ደግሞ ውሃ ምን ያደርጋል? እንደ ወትሮው እጃቸውን እያሻሹ ይዘምሩ።

ስንዱ፦ እሱ እንደ ወትሮው ነው ጉድ የሠራን። የሐመልማል እናት ጠዋት መጥታ ነበር።

ደምመላሽ፦ የትኛዋ ሐመልማል?

ስንዱ፦ መዝሙሩን የምታስጀምረው ትንሿ። ተቅማጥ ይዟት ሐኪም ቤት ተኝታለች። ግሉኮስ ተተክሎላታል።

ደምመላሽ፦ እግዜር ይማራት። ታዲያ ተቅማጡን እኛ አመጣነው?

ስንዱ፦ ቤቷ ከሽንት ቤት ስትወጣ እጇን እንዲሁ አየር ላይ ታሻሽና "ታጠብኩ" ትላለች። እናቷ በጆግ ውሃ ይዛ ስትጠራት፣ "ቲቸር እንዲህ አይደለም ያሳየችን" ብላ ታለቅሳለች።

ደምመላሽ፦ በደረቁ መላጨት ሰምቼ አውቃለሁ። በደረቁ መታጠብ ግን...

ስንዱ፦ እኔው ነኝ ያስተማርኳት። ጎበዝ ብዬም አስጨብጭቤላታለሁ። አንጀቴን በላችው፣ ጋሼ።

ደምመላሽ፦ ምን ላድርግ ብለሽ ነው? ውሃ ቢሮ በሄድኩ ቁጥር "መስመሩ ይጠገናል" ነው መልሱ። ላም አለኝ በሰማይ።

ስንዱ፦ ይኸው እዚህ ጥግ የታሸገ ውሃ ተደርድሯል።

ደምመላሽ፦ እሱ የእንግዶቹ ነው። እንግዳ ጉሮሮው ደርቆ ይሂድ?

ስንዱ፦ ልጆቹስ? ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። እኛ ጋ ሥሩም ደረቀ።

ደምመላሽ፦ በቃ፣ አሸነፍሽኝ። ጠዋት በአህያ ከሚያዞሩት ውሃ በጀሪካን እገዛለሁ። በእውነተኛ ውሃ እየታጠቡ ይዘምሩ። እሺ አትይም?

ስንዱ፦ እኔም እንዲሁ መስሎኝ ዛሬ እናቷ እንደሄደች ቤቴ ሮጬ አንድ ጀሪካን ተሸክሜ መጣሁ።

ደምመላሽ፦ እሰይ፣ የኔ ልጅ። ታዲያ ታጠቡ?

ስንዱ፦ አሰልፌ እጃቸው ላይ አፈሰስኩላቸው። ጠጡት።