የጃለኔ ልጅ ከማሽን ወጣች

ሲስተር ሮሆቦት ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሃል ሸጎጥ አድርጋ ጓንቷን ማውለቋን ቀጠለች።

— ሄሎ፣ አምቦ ሆስፒታል፣ ጨቅላ ሕፃናት ክፍል... አካም፣ አካም። ማን ልበል?... ሚልኬሳ። የማን አባት?... የጃለኔ ልጅ። ቆይ መዝገቡን ልይ።

እዚያ ክፍል የሚጻፈው የእናት ስም ነው፤ ስም ወጥቶለት የሚገባ ሕፃን የት አለና!

— አገኘኋት። ልጅህ ዛሬ ጠዋት ከመተንፈሻ ማሽኑ ወጥታለች... አዎ፣ ራሷ ነው የምትተነፍሰው። ወተትም ጀምራለች... ኧረ ቀስ፣ ጆሮዬን!... እልልታው የማን ነው?... እናትየው? በኦፕራሲዮን የወለደች ሴት እንዲህ አትጮህም፣ ስፌቷን ታስብ በላት... ሲስተር ሰምሃል፣ ያን አላርም እዪልኝ እስቲ!... አንተን አይደለም፣ ቀጥል... ነገ ትመጣላችሁ? ጥሩ። ከጉደር ሩብ ሰዓት ናት... ከየት?... ከካቺሲ?

ጓንቱ ከእጇ ወደቀ። ገጹን ስትገልጥ ሌላ ጃለኔ አለች።

— ሄሎ? ትሰማኛለህ? እልልታውን አስቁምልኝ... አስቁም አልኩህ! ስማ፣ ሁለት ጃለኔ ነው ያለን። የወጣችው የጉደሯ ጃለኔ ልጅ ናት። ያንተ ገና ማሽን ላይ ናት... አልሞተችም! አልሞተችም አልኩህ። ግን ያለ ማሽኑ መተንፈስ አልቻለችም... እንጃ። ትውጣ አትውጣ ዛሬ ልነግርህ አልችልም... የኔ ጥፋት ነው፣ ከየት እንደሆናችሁ ሳልጠይቅ... ምን? ለእናትየው አትንገሪ? ታዲያ ነገ መጥታ ስታያት... ሄሎ? ማን ወሰደው?... ጃለኔ።

ሮሆቦት አሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች፤ እንዲህ ዓይነቱን ወሬ ለሐኪም ትታ መሄድ ታውቅበታለች። ዛሬ ግን የምትተውለት ሐኪም አልነበረም።

— እንኳን በሰላም ተገላገልሽ... አዎ፣ እልልታሽን ሰማሁ... ጃለኔ፣ ቁጭ በይ። ተሳስቼ ነው። የወጣችው የሌላ ጃለኔ፣ የጉደሯ ልጅ ናት። ያንቺ ማሽን ላይ ናት... ባልሽን እንዳትቆጪው፣ የነገርኩት ነው የነገረሽ።

መስመሩ የተቆረጠ መስሏት ስክሪኑን አየች፤ ሰኮንዱ ይቆጥራል።

— ሄሎ?... ጡትሽን? አዎ፣ በየሦስት ሰዓቱ እለቢ፣ እንዳይደርቅ። ነገ እዚህ ስትመጪ ደግሞ እናሳይሻለን... ምን አልሽ?... የኔዋ ካልጠጣችው ለጉደሯ ልጅ ይሰጥ?

ሮሆቦት ጎንበስ ብላ የወደቀውን ጓንት አነሳች።

— አይሆንም። ለልጅሽ ነው የምታልቢው... አዎ፣ ለልጅሽ። በሉ፣ ነገ።

ዘጋችው። ፕላስተር ቀደደችና «የጃለኔና የሚልኬሳ ልጅ፣ ካቺሲ» ብላ ጻፈችበት፤ ሄዳም አላርሙ በሚጮኸው የሕፃኗ ማሽን ላይ ለጠፈችው።