የቀለም ሻጩና የሳይክሉ መንገድ

አቶ ሰይፈ ሚካኤል አሥራ ዘጠነኛውን የተቃውሞ ፊርማ ተቀብለው ወደ ቀለም ሱቃቸው ሲመለሱ፣ አንድ ባጃጅ ተሳፋሪ ለማንሳት ድንገት ወደ ዳር ተጠመዘዘና ሳይክል የምትነዳ ወጣት ሴት ገፍቶ ጣለ። ከኋላ የመጣው ሚኒባስ ከጭንቅላቷ ክንድ ሲቀረው ቆመ። አቶ ሰይፈ ሚካኤል ወረቀታቸውን መሬት ጥለው ሮጡ፤ ሴትዮዋን ደግፈው ወደ ሱቅ አስገቡ፤ የተላጠ ክርኗን በውሃ አጠቡላት።

«እግዚአብሔር አተረፈሽ ልጄ!»

«አልሐምዱሊላህ፤ ክርኔን ብቻ ነው» አለች። ጥቂት አረፍ ካለች በኋላ ወጥታ የወደቀውን ወረቀት አነሳችና አቧራውን አራግፋ ሰጠቻቸው። «ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ፤ ርዕሱን አነበብኩት። ናስራ እባላለሁ። ይህን የተቃወሙትን የሳይክል መንገድ ከነደፉት መሐንዲሶች አንዷ እኔ ነኝ።»

አቶ ሰይፈ ሚካኤል ደነገጡ። ከመኪናው አስፋልት በድንጋይ ጠርዝ ተከልሎ ለሳይክል ብቻ የሚተው መስመር በከዚራ ሰፈር፣ ያውም በሱቃቸው ደጃፍ ሊያልፍ መሆኑን ከሰሙ ጀምሮ እንቅልፍ አልነበራቸውም። በሐሳባቸው መሐንዲሱን ሲሞግቱ የሰነበቱት አንድ ከረባት ያሰረ ኩሩ ሰው አድርገው ነበር እንጂ የተላጠ ክርኗን የምታሽ ልጅ አድርገው አልነበረም። ቢሆንም ወደ ኋላ የሚሉ ሰው አልነበሩም።

«እንግዲያው ፊት ለፊት እንነጋገር» አሉ። «እኔ ከሳይክል ጋር ጠብ የለኝም። ግን ከመንገዱ ላይ ሁለት ሜትር ስትቆርሱ ደንበኛዬ መኪናውን የት ያቁም? ከባድ የቀለም ባልዲ በዚህ ሙቀት ተሸክሞ ይሂድ? ሃያ ስድስት ዓመት የለፋሁበትን ሱቅ ልትዘጉት ነው። ያውም ለጥቂት ጎረምሳ ብላችሁ!»

«ጎረምሳ ብቻ አይደለም ጋሼ። ከደረቁ ወንዝ ማዶ፣ ከመጋላ ሰፈር የሚመጣው ልብስ ሰፊ፣ ሆስፒታል የምትሠራው ነርስ፣ ተማሪው፣ ሁሉም በሳይክል ይሄዳል። ከእነሱ ሌላ ደግሞ ፈርታ የቀረች አለች። ሳይክል መግዛት እየቻለች፣ የዛሬው የኔ ዓይነት እንዳይደርስባት ብላ የተወችው።»

«ታዲያ ነጭ መስመር አስምሩና ይብቃ! ቀለሙን እኔው በቅናሽ እሸጥላችኋለሁ።»

ናስራ ሕመሟን ረስታ ሳቀች። «ቀለም ባጃጅ አያቆምም። የዛሬው ሹፌር መስመር ቢኖርም ረግጦት ይመጣ ነበር። ድንጋዩን ግን አይረግጠውም።»

ይህ ነገር ልባቸውን ነካው፤ የሚኒባሱ ፍሬን ጩኸት ገና ከጆሯቸው አልጠፋም ነበርና። ዋናውን ክርክራቸውን ግን ገና አላወጡትም ነበር።

«ጎርፉስ?» አሉ ጣታቸውን ወደ ተራራው ቀስረው። «ክረምት ከዚያ የሚወርደውን ውሃ ታውቂዋለሽ። ድንጋይ ስትደረድሩበት መውጫ ያጣና ሱቄ ይገባል። የሚያመጣው አሸዋ ደግሞ መስመራችሁን ይሞላዋል። ማን ሊጠርገው ነው?»

ናስራ ከቦርሳዋ ማስታወሻ አውጥታ ጻፈችና «ይህን በሚገባ አላሰብንበትም፤ እውነት አለዎት» አለች።

አቶ ሰይፈ ሚካኤልን የረታቸው፣ ወይም ለመረታት ያዘጋጃቸው፣ ይህ ቃል ነው። የተማረ ሰው ሁሉን አውቃለሁ ሲል ሰምተው ያውቃሉ፤ አላሰብኩበትም ሲል ግን የመጀመሪያቸው ነበር። ለውጥ የሚያመጣ ሰው ለውጡን ከሚፈራው ሰው መማር ሲጀምር፣ የፈሪው ጆሮም ይከፈታል።

«እስቲ እኔም ልለምንዎት» አለች። «ለአንድ ሳምንት ደንበኛዎ በምን እንደሚመጣ ይመዝግቡ። አብዛኛው በመኪና የሚመጣ ከሆነ፣ ደብዳቤዎን እኔው ራሴ ለአለቆቼ አደርሳለሁ።»

«ቃልሽ ነው?»

«ወላሂ!»

አቶ ሰይፈ ሚካኤል አንድ ካርቶን ቀደው «መኪና፣ ባጃጅ፣ እግር፣ ሳይክል» ብለው ጻፉበትና ደንበኛ በገባ ቁጥር ጭረት ይጨምሩ ጀመር። ቅዳሜ ማታ ደመሩት። ከመቶ አርባ ደንበኞች በመኪና የመጡት ሃያ ሦስት ብቻ ነበሩ። የቀረው ቀለም ቀቢና አናጢ ሲሆን፣ በእግሩ፣ በባጃጅና በሳይክል የሚመጣ ነው። ከዚህ የባሰ የገረማቸው ግን ሌላ ነበር። ቀኑን ሙሉ ደጃፋቸውን ይዘው ከሚቆሙት ሦስት መኪናዎች አንዱም የደንበኛ አልነበረም። ሁለቱ የጎረቤት ነጋዴዎች ናቸው። ሦስተኛዋ የራሳቸው ናት! «ደንበኛዬን ከደጄ የከለከልኩት ለካ እኔው ነኝ!» ብለው ብቻቸውን ሳቁ።

በሳምንቱ ናስራም የተጋበዘችበት የነጋዴዎች ስብሰባ ተጠራ። ሁሉም የተቃውሞውን ደብዳቤ እንዲያነቡ ይጠብቃቸው ነበር። እርሳቸው ግን ካርቶናቸውን ይዘው ተነሡ።

«ወንድሞቼ፣ እኅቶቼ፣ የፈረማችሁልኝ በኔ ቃል ተማምናችሁ ነው። ቃሌ ስሕተት ስለነበረበት ፊርማችሁን ልመልስላችሁ መጥቻለሁ።»

አዳራሹ ተንጫጫ። የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴው ሹክሪ፣ የሠላሳ ዓመት ጓደኛቸው፣ ብድግ አለ። «አቦ ሰይፈ! አንተው አስፈርመኸኝ አንተው ትከዳኛለህ?»

«አልከዳሁህም፤ ቆጥሬ መጣሁ እንጂ። አንተም ቁጠር» አሉና ያዩትን አንድ በአንድ ነገሩት። ቀጥለው ወደ ናስራ ዞሩ። «እኛም የምንጠይቀው አለን። ለጎርፉ መውጫ ይተውልን። ዕቃ ለማራገፍ በጎን ባለው መንገድ ስፍራ ይሰጠን። ከዝናብ በኋላ አሸዋው በማግሥቱ ይጠረግ። ይህ ከሆነ እኔ የመጀመሪያው ደጋፊ ነኝ።»

ናስራ፣ አቶ ሰይፈ ሚካኤል ቆጥረው እንደጨረሱ የነገሯትን ሁሉ ይዛ የሠራችውን አዲስ ንድፍ ዘረጋች። በየአሥር ሜትሩ ጠርዙ ተከፍቷል፤ ማራገፊያውም በጎን ተመልክቷል። የአሸዋውን ጠረጋም መሥሪያ ቤቷ በጽሑፍ ተቀብሎት ነበር። ሹክሪ ንድፉን ጎንበስ ብሎ ለረጅም ጊዜ አየና ማጨብጨብ ጀመረ። አዳራሹ ተከተለው።

ሥራው ቀላል አልነበረም። ሁለት ወር ሙሉ አቧራ በልተዋል፤ ገበያም ቀዝቅዞ ነበር። ሹክሪ በየቀኑ እየመጣ «ያመጣኸውን አቧራ ብላው እንግዲህ!» ይላቸው ነበር። መንገዱ አልቆ የመጀመሪያው ዶፍ የወረደ ዕለት ግን ነጋዴው ሁሉ ደጃፉ ላይ ቆሞ ውሃውን ጠበቀ። ጎርፉ መጣ፤ ወደ ጠርዙ ደረሰ፤ በየክፍተቱ እየተመዘዘ ወደ ቦዩ ገባ። አንድም ሱቅ አልገባም። ናስራ በዝናቡ መካከል ቆማ «አዩ! አዩ!» እያለች ሹክሪን ክንዱን ትስበው ነበር። በማግሥቱም ጠራጊዎቹ መጡ።

ወራት አለፉ። አንድ ቀን ዓዋሌ የሚባል የመጋላ ነጋዴ ወደ ቀለም ሱቁ መጣ። «በኛም ሰፈር ሊሠሩት ነው ይላሉ። ልቃወም ብዬ ነበር፤ ካየው ሰው ልስማ ብዬ መጣሁ» አለ።

«ጉዳቱን አልደብቅህም» አሉ አቶ ሰይፈ ሚካኤል። «መኪና ማቆሚያ ይቀንሳል፤ ሚኒባሱም እንደ ድሮው አይበርም። ሲሠራ ትቸገራለህ፤ ከተሠራም በኋላ ካልተጠረገ ዋጋ የለውም። በዚህ ሁሉ ላይ ግን ጥቅሙን መዝንበት። ከተከፈተ ወዲህ እዚህ ደጃፍ ሰው ሲወድቅ አላየሁም። ሠራተኛው በሰዓቱ ይገባል። እግረኛው የእግር መንገዱን ከሳይክል ጋር አይጋፋም። ሳይክለኛ ደግሞ ቆም ማለት ስለማይከብደው ያያል፣ ይገባል፣ ይገዛል። ለማንኛውም እኔን አትመን፤ ውጣና እየው።»

ዓዋሌ ወጣ። የሥራ መውጫ ሰዓት ነበር። በመንገዱ ዳር ባሉት ዛፎች ጥላ ሥር ነርሶች ነጭ ልብሳቸውን እንደለበሱ በሳይክል ያልፋሉ። አንድ ሽማግሌ መሰላል በትከሻው አንግቶ በዝግታ ይነዳል። ሁለት ተማሪ ሴቶች ጎን ለጎን ሆነው፣ ወደ ኋላ ሳይገላመጡ፣ እያወሩና እየሳቁ ሄዱ። ዓዋሌ እስኪርቁ ድረስ በዓይኑ ተከተላቸው።

«እኔም ሴት ልጆች አሉኝ» አለ በመጨረሻ። «ይህን እንዴት እቃወማለሁ?»

በዓመቱ መስመሩ ደረቁን ወንዝ በድልድይ ተሻግሮ መጋላ ገባ።