በጀልባዋ መንገድ ላይ

ሐሙስ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ቲማ ላሊ ከጉድጓዱ ውኃ ቀድታ ስትመለስ ከጀልባ ሠሪው ከፉንዲ ፋማው ጋር በጠባቡ መተላለፊያ ላይ ተገጣጠመች። አዛውንቱ ለጀልባ የሚቀባ የሻርክ ጉበት ዘይት የሞላ ቅል ታቅፈዋል። በድንጋይ ግንቦች መሐል ያለው መንገድ ሁለት ሰው አያሳልፍምና ወጣቷ ወደ ኋላ አፈግፍጋ መንገድ ለቀቀች።

«አሰላሙ ዐለይኩም፣ አጎቴ።»

«ወዐለይኩሙ ሰላም። አንቺ የላሊ ልጅ፣ ምነው ባልዲ ይዘሽ ትዞሪያለሽ? ክንድ ያለው ሁሉ ወደ ባሕሩ ዳር እየወረደ ነው።»

«ለምን?»

«ለምን ትላለች! ጀልባዋ ልትወርድ ነዋ፤ ከመግሪብ በኋላ።»

«ነገ አይደለም እንዴ? የዓርብ ሌሊት ብለው አልነበር?»

«ብያለሁ። የዓርብ ሌሊት ዛሬ ፀሐይ ስትጠልቅ ይገባል። አያትሽም አባትሽም የቆጠሩት እንደዚያ ነው። ሞምባሳ ሦስት ዓመት ተምረሽ መጥተሽ ሌሊቱን ከቀኑ ጭራ ላይ ቀጠልሽው?»

ቲማ ባልዲውን መሬት አስቀመጠች። ስሕተቱ የራሷ ነበር። በትምህርት ቤት ሌሊት የቀን መጨረሻ ነው፤ በመንደሯ በኪዋንዳኒ ግን መጀመሪያው ነው። በዚህ በአንዲት ሌሊት ልዩነት ያሰበችው ሁሉ ፈረሰ።

ከጀልባዋ አርባ እርምጃ ዝቅ ብሎ፣ በመውረጃዋ መሐል፣ ከኀምሳ ስድስት ቀን በፊት አንዲት የባሕር ኤሊ ወጥታ ዕንቁላሏን ቀብራ ሄዳለች። ቲማና ዐሥር ጓደኞቿ ያለ ደመወዝ የሚጠብቁት ይህንን ነው፤ የኤሊውን ጎጆ፣ በባሕር ውኃ ውስጥ የሚበቅለውን ደን፣ የጥንቶቹን ዐምዳም መቃብሮች። ይህንን ለማየት ከሩቅ የሚመጣውንም እንግዳ በየቤቱ፣ በተለይም በመበለቶች ቤት፣ ያሳድራሉ። ማኅበራቸውን «አማና»፣ አደራ፣ ብለውታል። ዓርብ ጠዋት ተሰብስበው ሽማግሌዎቹን ሊለምኑ ተቃጥረው ነበር፤ ዐሥሩ ግን ችግኝ ለመትከል ወደ ደሴቱ ተሻግረዋል። የሚመለሱት ነገ ነው። የጀልባዋ ክብደትና የሰማንያ ሰው ተረከዝ ግን ዛሬ በጎጆው ላይ ያልፋል።

«አጎቴ፣ በመንገዷ ላይ ጎጆ አለ» አለች።

«ዐውቃለሁ፤ ቀይ ጨርቅ ያሰራችሁበትን እንጨት አይቻለሁ። የኤሊ አዋላጅ ሆነሽ ቀረሽ አይደል? በዘንቢል አንስተሽ ሌላ ቦታ ቅበሪው።»

«በተጣለ በሰዓታት ውስጥ ቢሆን ይቻል ነበር። ከዚያ በኋላ ዕንቁላሉ ከተገለበጠ ጽንሱ ይሞታል። አሁን ደግሞ ሰብረው ወጥተው በአሸዋው ውስጥ ወደ ላይ እየቆፈሩ ይሆናል።»

«እንግዲያስ ዕጣቸው ነው። ከመቶው ዘጠናውን ሸርጣንና ወፍ ይበላዋል። አንድ ጎጆ ቢጠፋ ባሕር ይጎድላል?»

«እርስዎ በጉብዝናዎ ኤሊ አዳኝ ነበሩ ይባላል።»

የሽማግሌው ፊት በራ። «ነበርኩ እንጂ! ያ ከኤሊ ደረት የሚጣበቀው ዓሣ አለ አይደል፤ ጭራውን በገመድ አስረን እንለቀዋለን። ሄዶ ይለጠፍባታል፤ ቀስ ብለን እንስባለን። አንዳንድ ቀን ሦስት፣ አንዳንድ ቀን አምስት ይዘን እንገባ ነበር።»

«ዘንድሮ ወደዚህ ዳር ስንት እናት ወጣች?»

ፉንዲ ፋማው ቅሉን ከአንዱ ብብት ወደ ሌላው አዛወሩ። «ሁለት ሲሉ ሰማሁ።»

«ሁለት ናቸው። የአንደኛዋን ውሻ አወጣው። የቀረው ይኸው ነው።»

ሰው እውነትን ሲሸሽ ወደ ቃል ክርክር ይገባል፤ አዛውንቱም እንዲሁ አደረጉ። «እሺ፣ ይሁን። ግን አማና ብላችሁ ራሳችሁን መሰየማችሁ ያስቀኛል። አማና ባለቤት ያለው ነገር ነው። አንድ ሰው ‹ይህን ጠብቅልኝ› ብሎ ይሰጥሃል። ለእናንተ ማን ሰጣችሁ?»

ቲማ ፀሐይዋን አየች፤ ከኮኮናቱ አናት ወርዳለች። በችኮላ ብትናገር የሽማግሌው ክብር እንደሚነካ ታውቅ ነበር። ስለዚህ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀች።

«በቤትዎ መርከበኛው አቪ አስቀምጡልኝ ብሎ የተወው ሳጥን አለ ይባላል።»

«አለ። ዐሥራ አንድ ዓመቱ።»

«ይመለሳል?»

«እሱን አላህ ያውቃል። የባሕር ሰው ነው።»

«ከፍተው አይተውት ያውቃሉ?»

«አስተግፊሩላህ! ምን ነካሽ?»

«ባለቤቱ ካልተመለሰ ማን ይጠይቅዎታል?»

«ባለቤቱ ባይኖር የባለቤቱ ጌታ አለ! ሰው ስላላየኝ…» ንግግራቸውን አቋረጡ።

«እናቲቱም ቀብራ ወደ ባሕር ሄደች፣ አጎቴ። ለዚህ ጎጆ አትመለስም። ያስቀመጠችውም በእኛ ደጅ ነው።»

ከባሕሩ ዳር የገመድ ሳቢዎቹ ዜማ መሰማት ጀመረ፤ እያንዳንዱ «ሄያ» የቲማን ልብ ይመታ ነበር።

«ጀልባዋም በእጄ ያለች አማና ናት» አሉ አዛውንቱ፣ ቁጣቸው በርዶ። «ባለቤቷ ኦማሪ ካሌ ሁለት ዓመት ጠብቋል። ዛሬ የባሕሩ ሙላት ካመለጠኝ እንዲህ ያለ ውኃ ከሁለት ሳምንት በፊት አይመጣም። ደግሞ ልንገርሽ፤ ከዚህች በኋላ ጀልባ ያዘዘኝ የለም። በእጄ የወጣች የመጨረሻዋ ክፉ ስም ይዛ ብትወርድ ማን ይመጣልኛል?»

ቲማ ይህን አልጠበቀችም። እሷ ስለ ጎጆው ስትጨነቅ ሽማግሌው ደግሞ ስለ ሙያቸው ሞት ይጨነቁ ኖሯል። አስተዋይ ሰው የተከራካሪውን ፍርሃት ሲያይ ድል አይፈልግም፤ መንገድ ይፈልግለታል።

«ባለፈው ወቅት የኤሊ ጫጩቶቹን ለማየት የመጡት እንግዶች በመበለቶቹ ቤት ስንት ቀን ሰነበቱ?» አለች። «ቀን ቀን የት ነበር የሚውሉት?»

«እኔው ጋ። መጥረቢያዬ ሥር ቁጭ ብለው፤ ስንጥቅ በጥጥ መድፈን ተአምር መሰላቸው።»

«ያን አይተው አይደል ሁለቱ የሐሩን ልጆች ሙያውን እንማር ብለው የመጡት? ኤሊዋ ከጠፋች እንግዳው ይቀራል። እንግዳው ከቀረ ልጆቹም ወደ ሞምባሳ ይሄዳሉ። እኔ ጀልባዋ ትቅር አላልኩም፤ ትዙር ነው የምለው።»

«ጀልባ ቀጥ ብላ ነው የምትወርደው። ታጥፋ የወረደች በጌታዋ ላይ ትዞራለች ይባላል።»

«ማን ላይ ዞራ አይተዋል?»

ሽማግሌው ቅሉን ይዘው ወደ ባሕሩ ዳር ወረዱ፤ ቲማም ባልዲዋን ጥላ ተከተለች።

ሕዝቡ ገመዱን ይዞ ቆሟል፤ ጀልባዋ የምትንከባለልባቸው ግንዶችም ከፊቷ ተነጥፈዋል። ፉንዲ ፋማው ማንንም ሰላም ሳይሉ ወደ ቀይ ጨርቁ ሄዱና ተንበረከኩ። አሸዋው መሐሉ እንደ ሳህን ሰርጉዷል። መዳፋቸውን አሳረፉበት። ቲማ ትንፋሿን ያዘች። ከመዳፋቸው ሥር ጥቂት አሸዋ ሸሸት አለ፤ የእሳቸው እጅ ግን አልተንቀሳቀሰም።

«ይንቀሳቀሳሉ» አሉ በቀስታ። «ስንቷን እናት ኤሊ በጀርባዋ ገልብጬ ይዣለሁ፤ ይህን ግን አልዳሰስኩም።»

ከዚያ ተነሥተው ጮኹ፦ «ግንዶቹን አንሡ! ከዚህ ወደ ግራ አዙራችሁ አንጥፉ!»

የጀልባዋ ባለቤት ኦማሪ ካሌ እየሮጠ መጣ። «ፉንዲ፣ አብደዋል? ለኤሊ ብለው ጀልባዬን ሊያጣምሙ?»

«ወገቧ እንዳይጣመም አድርጌ የሠራኋት እኔ ነኝ፤ ካልታመነች ዛሬውኑ ይታወቅ።»

«ክፉ ምልክት ነው!»

«ክፉ ምልክትስ ባዶ ዳር ነው፣ ኦማሪ። አባቶቻችን ከዚህ ባሕር ሲበሉ የሚያልቅ አልመሰላቸውም፤ እኔም ከበሉት አንዱ ነኝ። አሁን የዚህች ልጅ ማኅበር የሚጠብቀውን እንጠብቅ። ኤሊው ሲበዛ እንግዳ ይመጣል፤ እንግዳ ሲመጣ የመበለቲቱ ቤት ክዳን ያገኛል፣ የአባቶች መቃብር ይታደሳል፣ የእኔም መጥረቢያ ወራሽ ያገኛል። አንተም እንግዳ የምታንሸራሽርበት ጀልባ ይኖርሃል። ቀጥ ብሎ ወርዶ ባዶ ባሕር ላይ ከመንሳፈፍ፣ ዞሮ ሙሉ ባሕር መድረስ አይሻልም?»

ኦማሪ አልረካም፤ ነገር ግን ውኃው መሙላቱን አቁሞ ነበርና ለክርክር ጊዜ አልነበረም። ገመዱን ያዘ።

ማዞሩ ከታሰበው በላይ ከበደ። የጀልባዋ ሥር አቃሰተ፤ አንድ ግንድ ተሰነጠቀ፤ ሰው ወደቀ፣ ተነሣ። ፀሐይ ጠለቀች፤ መግሪብን በባሕሩ ዳር በፈረቃ ሰገዱ። ሲመለሱ ውኃው መሸሽ ጀምሯል። ቲማ ከሴቶቹ ጋር ስትስብ ዐይኗ በአንድ በኩል እርጥቡን የውኃ ጠርዝ፣ በሌላ በኩል የሰረጎደውን አሸዋ ይለካ ነበር። ጀልባዋ ብትቀር ጥፋቱ የእሷ ነው፤ ሰው ቢደናበር ጎጆው ያልቃል። «ሄያ!» ሲባል ሳበች። ደግሞ ሳበች። ድንገት ገመዱ ላላ፤ ጀልባዋ ከሥሯ አንድ ስንዝር በማይተርፍ ውኃ ላይ ተንሳፈፈች።

እልልታው ሳያልቅ የፉንዲ ፋማው ድምፅ ተሰማ።

«ፋኖስ አጥፉ! ከበሮ ዝም! ማንም እግሩን እንዳያነሣ!»

አሸዋው ተንዶ ነበር። በመጨረሻው የምሽት ብርሃን አንድ ጥቁር ነገር፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ እንደ ፈላ ድስት ብዙዎች ወጡ። የጭን ያህል ስፋት ከሌለው ጉድጓድ የወጡት ዳሩን ሁሉ ሞሉት። በሰው እግር መሐል፣ በገመዱ ሥር፣ ግንዶቹ በተንከባለሉበት ቦይ ውስጥ ወደ ውኃው ተሳቡ። ሰማንያ ሰው እንደ ተተከለ ቆመ። ልጅ ያዘለችው ሴት ልጇን ጸጥ አሰኘች። ኦማሪ ካሌ በአንድ እግሩ እንደ ቆመ ቀረ፤ ከሌላው እግሩ ሥር ሁለት ጫጩቶች እያለፉ ነበርና ሊያሳርፈው አልቻለም። የጀልባዋን ገመድ በእጁ እንደያዘ ተወዛወዘ።

«ፉንዲ» አለ በሹክሹክታ፣ «እስከ መቼ ነው እንዲህ የምንቆመው?»

ሽማግሌው ትከሻቸውን አስደገፉት።

«ዐልፈው እስኪያልቁ» አሉ።