በግራ እጅ የተፈረመ እርቅ

ሽማግሌዎቹ ያስታረቁት የተበደለችውን ብቻ ነበር። የላውንደሪው መተኮሻ ማሽን የሠራተኛዋን ቀኝ እጅ አቃጠለ፤ እሷም ለሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ አመለከተች። ከላውንደሪው ባለቤት ጋር የአንድ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ናቸውና ሦስት ሽማግሌዎች ጠርተው መከሯት፣ ጸለዩላት፣ ማመልከቻዋን እንድታነሣም አስፈረሟት። ባለቤቱን አንድ ጥያቄ እንኳ የጠየቀው አልነበረም።

ከሦስቱ አንዱ ሰዓት ሠሪው ናቸው። በማግስቱ ጠዋት የተፈቱትን ሰዓቶች ወደ ጥግ ገፍተው፣ ለእሁዱ የትንቢት ትምህርት አውሬና ቀንድ ሲሥሉ የእህታቸው ልጅ ወደ ሱቃቸው ገባች። ነርስ ናት። የሕመምተኛ ትርታ የምትቆጥርበት ሰዓት ቆሞባት እንጂ ልትሟገታቸው አልመጣችም።

«አጎቴ፣ ይሄ የጎረቤት ድመት ነው?»

«አራተኛው አውሬ ነው!» አሉ ቆጣ ብለው። «አትሳቂ። የሚመጣው ዘመን ነው የተሣለው።»

«የመጣውንስ ማን ይሣለው? ትናንት የዚያችን ሠራተኛ ቁስል ያጠብኩት እኔ ነኝ። ሁለት ጣቶቿ አይታጠፉም።»

ሰዓት ሠሪው እርሳሳቸውን አስቀመጡ። «እሱ በሰላም አልቋል። ራሷ ፈርማለች።»

«በግራ እጇ!»

ሰዓት ሠሪው እርሳሳቸውን መልሰው አነሡ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ይሉኝታ ይዟቸው ነው። ይሉኝታ ደግሞ ከክፋት የሚሻለው በአነጋገሩ ብቻ ነው፤ ለተጎዳው ሰው ያው ነው።

«ልጄ፣ ወንድም ወንድሙን በየቢሮው ማንከራተት አይገባም። ደግሞም የቤተ ክርስቲያናችንን ጣራ በቆርቆሮ የከደነው የላውንደሪው ባለቤት ነው።»

«እሱ ጣራውን ስለከደነ እናንተ አፋችሁን ትከድናላችሁ?»

«ወይ ምላስሽ! የነቢያት ቃል የመጨረሻው ዘመን ምስጢር ነው፤ ስለ ካውያ አያወራም።»

«እሺ፣ ኤርምያስ በሰላም ሰባኪዎቹ ላይ የተቆጣው ለምንድነው?»

ይህንን በእንቅልፍ ልባቸውም ያውቁታል። «የሕዝቡን ስብራት ላይ ላዩን እያከሙ፣ ሰላም ሳይኖር ሰላም ነው ስላሉ...» አሉ። ድምፃቸው መጨረሻው ላይ ሰለለ።

«ቁስል ሳይጸዳ በፋሻ ከተጠቀለለ ከላይ ነጭ፣ ከሥር መግል ነው። የናንተ እርቅ እንደዚያ ነው። ነቢይ እኮ ነገን ብቻ የሚናገር አይደለም፤ ዛሬ የተደበቀውን በደባቂው ፊት የሚናገርም ነው። ለመሆኑ ሰውየውን ምን ብላችሁ ጠየቃችሁት?»

ሰዓት ሠሪው ወደ መስኮቱ ዞሩ። «እኔ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ከአደጋው በፊት እዚሁ ተቀምጦ ነግሮኛል። የማሽኑን የእጅ መከላከያ ያስነሣው ሥራ ያዘገያል ብሎ ነው። ለቢሮው ግን ‹አደጋው በራሷ ግድየለሽነት ደረሰ› ብሎ ጻፈ።»

ነርሷ ቀልዱ ጠፋባት። «እርስዎም ይህን እያወቁ አስፈረሟት?»

«አስፈረምኳት። አሁንስ ብናገር ምን ይገኛል? እጇ አይመለስ።»

«ባይመለስም የሕክምናዋን ወጪ አሠሪው ይችላል። ራሷ እንደነገረችኝ ማመልከቻዋ የሚዘጋው ዛሬ ከሰዓት ነው፤ ምስክር ከተገኘ ግን ይታያል። መከላከያው ይገጠማል፤ ማሽኑ ፊት የሚቆሙት አራት ሴቶችም ሙሉ እጃቸውን ይዘው ቤታቸው ይገባሉ። ሰውየውም ይጠቀማል፤ በደሉን ሳያምን ምሕረትን ከየት ያገኛል? ቤተ ክርስቲያናችሁም ድሃ ሲበደል የሚሮጥባት ቤት ትሆናለች፤ አሁን እኮ የሚሸሻት ሆናለች።»

እንዲህ ያለ ነገር ከልጅ አፍ ሲወጣ ሽማግሌ ብዙ ጊዜ ይቆጣል። ሰዓት ሠሪው ግን ሳቅ አሉ፤ ሳቃቸው ሸክም ያወረደ ሰው ሳቅ ነበር።

«ሌሊቱን ሙሉ ስገላበጥ አድሬ፣ የአሥሩ ቀንድ ትርጉም ነው እንቅልፍ የነሣኝ ብዬ ነበር። ለካ ቀንዱ ምንም አላደረገኝም!»

ኮታቸውን ከሚስማሩ ላይ አነሡ።

«ቢሮው በዚያ በኩል ነው፤ ላድርስዎት» አለች።

«መጀመሪያ እሱ ጋ ነው የምሄደው። ከጀርባው አልናገርበትም። አብሮኝ ቢሮ ከመጣና እውነቱን ራሱ ካወጣ፣ እሰየው። እምቢ ካለም ብቻዬን ገብቼ የሰማሁትን እመሰክራለሁ። ከዚያ እሷን ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ሁለቱንም ሽማግሌዎች ይዤ።»

«ቢቆጣስ?»

«ይቆጣ! የሱን ቁጣ ፈርቼ የእግዜርን ረሳሁት እኮ።»

የእህታቸውን ልጅ አስቀድመው፣ በሥራ ቀን ገና በጠዋቱ ወጡና የሱቃቸውን በር ከኋላቸው ዘጉት።