በፈቃደኝነት የተሰጡ ጎማዎች

የባለቤቴ መርዶ የደረሰኝ ቦሌ፣ ደጃችን ላይ ልብስ ሳሰጣ ነው። የአዲሷ ፒካፓችን የፊት ጎማ የሚታሰርበት ብረት ተሰብሮ ላምበረት ላይ ተገለበጠችበት። ከአርባው በኋላ፣ ዋስትናዋ ስላላለቀ ይጠግኑልኛል፣ ልጆቼን በእሷ አሳድጋለሁ ብዬ ወደ ሸጠልን ድርጅት ሄድኩ።

ኃላፊው ጎማዎቹን አየና፣ «እትዬ፣ ይህ ቸርኬ የኛ አይደለም። ባለቤትዎ ከቀየሩት ዋስትናው ፈርሷል» አለኝ።

«ቀበሌ ለዘመቻ ብሎ አራቱንም ጎማ ከነቸርኬው ፈታበት እንጂ እሱ መቼ ቀየረ? መኪናዋ ቆማ እንዳትቀር ነው አሮጌ የገዛላት» ብዬ ማኅተም ያለበትን ወረቀት ሰጠሁት።

አነበበና፣ «‹በፈቃደኝነት የተሰጠ› ይላል፤ ባለቤትዎ ፈርመውበታል። ወደው ከሰጡ፣ ወደው ቀየሩ ማለት ነው» አለኝ።

«ወንድሜ፣ አንተስ ብትሆን አልፈርምም ትል ነበር?»

ዞር ብሎ በሩን አየና ወረቀቱን መለሰልኝ።

ጎማዎቹ የተፈቱ ቀን ቀበሌ ደጅ ላይ የባለቤቴን እጅ ይዤ፣ «ፈርምላቸውና እንሂድ» ያልኩት እኔ ነኝ። ይህን ለማንም አልነገርኩም ነበር። የክርስትና ስሙ ወልደ ሚካኤል ነው፤ ስትጸልዩ አትርሱብኝ።