ሎሚን የሚያጣፍጥ ማሰሮ

ዝናቡ እንደዚያ ባይወርድ ኖሮ ሁለቱ ሰዎች በተላለፉ ነበር። ዶን አቡንዲዮ ሁዊፔ ወደ ሞሬሊያ ከተማ የሚሄደውን አውቶቡስ ለመያዝ ከሳንታ ሪታ መንደር ወጥተው፣ የሸክላ ዕቃ የሞላ ቅርጫት እግራቸው ሥር አስቀምጠው፣ ከአውራ ጎዳናው ዳር ባለችው የቆርቆሮ መጠለያ ቆመዋል። ከእርሳቸው ሌላ ሕፃን ያቀፈች አንዲት ዓሣ ሻጭ ብቻ ነበረች። ከከተማ የመጣ የጭነት መኪና አንዲት ወጣት አውርዶ አለፈ። ወጣቷ ሻሿን በራሷ ላይ ስባ እየሮጠች ገባች። ኢሬሪ ነበረች፤ የሟች እህታቸው ልጅ፣ በሞሬሊያ የነርስነት ትምህርቷን ጨርሳ እዚያው ሆስፒታል የምትሠራ።

«አንቺ ደግሞ ምን ጣለሽ በዚህ ዝናብ?» አሏት።

«ወደ እርስዎ ቤት ነበር የምመጣው፣ ታታ። እርስዎስ?» አለች፤ አጎቷን ‹ታታ›፣ አባባ፣ እያለች ነው የምትጠራቸው።

«እኔ ወደ እናንተ ሆስፒታል። ቻቤላን ላወጣት ነው።»

ኢሬሪ ሻሿን መጭመቋን ተወች። ቻቤላ የሽማግሌው የልጅ ልጅ ናት፤ የልጃቸው የሜሌሲዮና የሚስቱ የሬሜዲዮስ ልጅ። ሆዷን ቁርጠት ይዟት፣ ከዚያ ሰውነቷ ተንቀጥቅጦ ወድቃ ወደ ሆስፒታል ከገባች ሰንብታለች።

«ማን አውጡ አለዎት?»

«ማንም። ልጅቷ ደንግጣ ነው። ከሐይቁ ዳር ውሻ ዘሎባት ነበር። የመንደራችን አዋቂ ዶኛ ካሲልዳ በእንቁላልና በቅጠል ታብሳታለች፤ ድንጋጤው ይወጣላታል። እናንተ ደሟን ከመቅዳት በቀር ምን ሠራችሁላት?»

«ደሟን ቀድተን አየነው፣ ታታ። እርሳስ ሞልቶበታል። እርሳስ የሚባለው ብረት።»

ዶን አቡንዲዮ ሳቁ። «ቻቤላ ዶሮ ናት እንዴ ብረት የምትለቅመው?»

ዓሣ ሻጯም ሳቀች። ኢሬሪ ግን አልሳቀችም።

«ማሰሮው እንዲያብረቀርቅ የምትቀቡት ግሬታ ምንድን ነው?»

«ግሬታ ግሬታ ነው። ቢጫ ዱቄት ነው። በውሃ ይበጠበጣል፣ ዕቃው ይነከርበታል፣ እቶን ይገባል፣ መስተዋት መስሎ ይወጣል። አንቺ እዚያ ግቢ አይደለም እንዴ ያደግሽው?»

«እዚያ ነው ያደግሁት። ያ ቢጫ ዱቄት እርሳስ ነው፣ ታታ። እርሳስ ተቃጥሎ ተፈጭቶ ነው።»

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ። አውቶቡሱ ገና አልታየም። እዚህ ላይ አንባቢ ዶን አቡንዲዮን በልበ ደንዳናነት እንዳይጠረጥራቸው። የልጅ ልጃቸውን ከራሳቸው አስበልጠው ይወዳሉ። ነገር ግን ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሲያመሰግነው የኖረ ሥራ በአንድ ዝናባማ ጠዋት መርዝ ነው ሲባል፣ ጆሮው የሰማውን ልቡ ቶሎ አይቀበለውም።

«ስሚ» አሉ ቆይተው። «አባቴ ቲቡርሲዮ ሥራውን ሲጀምር አንድ እቶንና አንድ የማዘያ ገመድ ነበረው። ነጋዴዎች መጥተው ዕቃህን በሱቃችን እንሽጥልህ አሉት። እምቢ አለ። ማሰሮዬን የምትገዛ ሴት ፊቴን አይታ ትግዛ፤ ከተሰነጠቀባትም ፊቴን አይታ ትስደበኝ አለ። ሐይቁን በእግሩ ዞረ። ከዚያ እናቴ ዞረች፣ እናትሽ ዞረች፣ አሁን ምራቴ ትዞራለች። የሁዊፔ ሴት ያላንኳኳችው በር የለም። እስከ ዛሬ ሱቅ አልገባንም። እኔ በዚህ ግሬታ እጄን ነክሬ ነው የኖርኩት። ይኸው ቆሜያለሁ። ሞቼ ነው የማናግርሽ?»

«አያቴ ቲቡርሲዮ በመጨረሻ እጃቸው ምን ሆኖ ነበር?»

«ደከመው። ሸክም ነው።»

«ሸክም የያዘው ጀርባቸው ነው። የደከመው የእጃቸው አንጓ ነው። እጃቸውን ሲዘረጉ መዳፋቸው እንደ እርጥብ ጨርቅ ወደ ታች ይንጠለጠል ነበር፤ አቶሌውን፣ የበቆሎውን አጥሚት፣ እናቴ ነበረች በማንኪያ የምታጠጣቸው። ድዳቸው ላይ ያለውን ጥቁር ሰንበርስ ምን ትሉት ነበር?»

«የሸክላ ሠሪ ምልክት» አሉ ዶን አቡንዲዮ፤ ድምፃቸው ቀነሰ። «አባቴ ይኮራበት ነበር። ከንፈሩን ገልጦ ያሳይ ነበር።»

«እኛ ሰንበሩን ስናይ ይህ ሰው እርሳስ አለበት ብለን ነው የምናውቀው። ታታ፣ እርስዎም አለዎት።»

ሽማግሌው አፋቸውን ገጠሙ። ያን ጊዜ ዓሣ ሻጯ ከጥጉ ጣልቃ ገባች፤ ነገሩን ልታበርድ ፈልጋ ይሆናል።

«ኧረ ተዉት ይህን ክርክር! ዶን አቡንዲዮ፣ እኔን አያውቁኝም እንጂ እኔ አውቅዎታለሁ። የእናቴ ማሰሮ የእናንተ ነው። ቃሪያና ሽንኩርት በሆምጣጤ የምናስቀምጥበት። ግን ውስጡ ማብረቅረቁን ተወ፤ ሻካራ ሆነ። ሬሜዲዮስ ስትመጣ ሌላ ታምጣልኝ።»

«ታመጣልሻለች፣ ልጄ።»

ኢሬሪ ወደ ሴትዮዋ ዞረች። «እህቴ፣ ማብረቅረቁ ወዴት ሄደ?»

«ምኑ?»

«ያ የሚያብረቀርቀው። ማሰሮው ሲገዛ ነበረው። አሁን የለውም። አልተፋቀም፣ አልተሰበረም። ወዴት ሄደ?»

«እንጃ። አለቀ።»

«ሳሙና ሲያልቅ ወደ ውሃው ነው የሚሄደው። ይህስ?»

ሴትዮዋ የተኛችውን ሕፃን አስተካክላ አቀፈች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ዶን አቡንዲዮ ጥያቄውን አልወደዱትም። ጎንበስ ብለው ከቅርጫቱ ክዳን ያላት ትንሽ ማሰሮ አወጡ፤ የትም ሲሄዱ ከእጃቸው አትለይም።

«አሁን ማን እንደሚያሸንፍ እንይ» አሉ። «ይህ ትናንት የተጨመቀ ሎሚ ነው፤ በዚህች ማሰሮ አድሯል። ሌላ ሎሚ አሁን ብንጨምቅ ጥርስ ያጠርሳል። ይኸኛው ግን ለዝቧል፣ ጣፍጧል። አባቴ ነው ያገኘው። በየበሩ እናቀምሳለን። የሌላው ሸክላ ሎሚን አያጣፍጥም፤ የእኛ ያጣፍጣል። መርዝ ይጣፍጣል እንዴ? ቅመሺ።»

«አልቀምስም።»

«ፈራሽ!»

«አዎ፣ ፈራሁ። ታታ፣ ስኳር ጨምረውበታል?»

«አንዲት ቅንጣት አልጨመርኩም። ያ ነው ኩራታችን።»

«ታዲያ ምን አጣፈጠው? ሎሚው ሌሊቱን ብቻውን ተቀምጦ ጠባዩን ለወጠ? ኮምጣጣ ነገር ግሬታውን ያሟሟል። እርሳሱ ወደ ጭማቂው ይገባል። ከኮምጣጣ ጋር የተዋሐደ እርሳስ ደግሞ ይጣፍጣል። የምታቀምሱት እርሱን ነው። ከመርዝ ሁሉ ክፉው ይህ ነው፤ ሕፃን አይተፋውም።»

ዶን አቡንዲዮ የማሰሮዋን ክዳን ከፍተው ጭማቂውን አሸተቱ።

«ቻቤላ ለምን ከሁላችሁ ቀድማ ወደቀች ብለው አልጠየቁኝም» አለች ኢሬሪ። «እኔ ልንገርዎት። ሬሜዲዮስ ይዛት ትዞራለች። ገዢዋ ስትጠራጠር ልጅቷ ጭማቂውን ትጠጣለች። ልጅ ስትጠጣ ያየች እናት ማሰሮውን ትገዛለች። በየበሩ፣ በየመንደሩ። ትንሽ ሰውነት ነው ያላት፣ ታታ። እርስዎን ለማድከም ዕድሜ የፈጀው ነገር እርሷን በአጭር ጊዜ ጣላት። የምታውቀው ቃል እየጠፋባት ነው። ትናንት ማንኪያ አሳየኋት፤ ስሙን አጣችው። ዛሬ አውጥተው ወደዚያ ግቢ ቢመልሷት፣ ከዚያው ማሰሮ ብትበላ፣ እኔ ቀብሯ ላይ እንጂ ሌላ ቦታ አላገኛትም።»

ሽማግሌው ወደ መንደሩ አቅጣጫ ተመለከቱ። ሲናገሩ የተናገሩት የቁጣ ቃል አልነበረም።

«ሜሌሲዮ አሁን እቶኑ ውስጥ ዕቃ እየደረደረ ነው። ለሙታን ቀን በዓል ገበያ የሚሆን ዕቃ ነው፤ ማታ ይለኮሳል። አዟሪዎቹ ሴቶች ሁሉ ዕቃውን ይጠብቃሉ። ባል የሌላቸው አሉ። አሁን ሄጄ ምን ልበላቸው? አባቴ መርዝ ሠራ ልበል? እናትሽ መርዝ አዞረች ልበል? ምን ይብሉ?»

«አያቴ አላወቁም ነበር። እናቴም አላወቀችም። ከዛሬ በኋላ ግን እርስዎ አያውቁም ማለት አይቻልም። እርሳስ የሌለበት ቅብ አለ። መጀመሪያ ያስቸግራል፤ እቶኑ የበለጠ እሳት ይፈልጋል፤ ዕቃም ይሰነጠቃል። ግን ይሠራል፤ የሠሩ መንደሮች አይቻለሁ። ደግሞ አንድ ነገር ልንገርዎት። ባለ ሱቅ ዕቃውን ማን እንደወሰደው አላውቅም ሊል ይችላል። እናንተ አትችሉም። እናንተ በሩን ሁሉ ታውቁታላችሁ። በየቤቱ ስንት ልጅ እንዳለ፣ የትኛዋ እንዳረገዘች ሬሜዲዮስ በቃሏ ትነግርዎታለች። ሐይቁን ዞሮ ይህን ማሰሮ ከልጆቻችሁ አርቁት ቢል የሚታመን ሰው ከሁዊፔ ቤት በቀር ማን አለ? እኔ ነጭ ልብሴን ለብሼ ብናገር በሩን ይዘጉብኛል።»

«እኔንም ይዘጉብኛል።»

«አንዳንዱ ይዘጋ ይሆናል።»

በዚህ መካከል ዓሣ ሻጯ ያቀፈችው ሕፃን ነቅታ ነበር። በሽማግሌው እጅ ወደምታብረቀርቀው ማሰሮ እጇን ዘረጋች፤ አልደርስ ሲላት ማልቀስ ጀመረች። እናትየው የሰማችውን ሁሉ ሰምታ፣ ግን ልማድ ልማድ ነውና፣ «ውሃ ጠምቷት ነው፤ ትንሽ ብቻ ያቅምሷት» አለች።

ዶን አቡንዲዮ ዕድሜያቸውን በሙሉ እንዲህ ለተዘረጋ እጅ ማሰሮ አቅርበዋል። ክንዳቸውም እንደ ልማዱ ተነሣ። ክዳኗ ተከፍታለች፤ ሕፃኗ አፏን ከፍታለች። ሽማግሌው የሕፃኗን አፍ፣ ገና ጥርስ የሚያወጣውን ድድ፣ አዩ። ከዚያ በሁለት እጃቸው ማሰሮዋን ወደ ደረታቸው ስበው ሸሸጓት፤ የሚቃጠል ነገር ከልጅ እንደሚነጠቅ።

«አይሆንም» አሉ። «ይህን አትጠጣም።»

ሽማግሌው ራሳቸው የተናገሩትን ከሌላ ሰው እንደሰሙት ሁሉ ደንግጠው ቆሙ። ከመጠለያው ወጥተው በዝናቡ ውስጥ ጭማቂውን ከመንገዱ ቦይ ደፉት። ማሰሮዋን ደግሞ ድንጋይ ላይ ጥለው ሰበሯት። የተሰበረውን በጫማቸው ወደ ጭቃው ሲረግጡ ኢሬሪ ልትይዛቸው ፈልጋ ተወቻቸው።

አውቶቡሱ መጣ። ዓሣ ሻጯ ወጣች። ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ፣ «ዶን አቡንዲዮ፣ ይወጣሉ ወይስ ከዝናቡ ጋር ሊያድሩ ነው?» ሲል ቀለደ።

«ሂድ» አሉት። ከዚያ ወደ ኢሬሪ ሳይዞሩ፣ «ልጅቷ እዚያው ትቆይ። እኔና አንቺ ወደ ቤት እንሂድ፤ ሜሌሲዮ እሳቱን ሳይለኩስ እንድረስ» አሉ።

ደረሱ። እቶኑ በዚያ ማታ አልተለኮሰም። ሜሌሲዮ አባቱን አበዱ አላቸው፤ ከአዟሪዎቹም ግማሾቹ ተሳድበው ወደ ሌላ ግቢ ሄዱ። የሙታን ቀን ሲደርስ የሁዊፔ ቤት የሚሸጠው ነገር አልነበረውም። የመጀመሪያዎቹ አዲስ ዕቃዎች ተሰነጣጥቀው ወጡ፤ የሚቀጥሉት ደብዛዛ ሆኑ፤ የገበሬ ሚስቶችም እያገላበጡ ይህ ነው ማሰሮ ብለው ሳቁ።

የለውጡ ጥቅም ግን በኋላ ታየ፤ በግልጽ መናገርም ይገባል። ሬሜዲዮስ በዚያ ጊዜ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ የተወለደው ልጅ ሆዱን ሳይቆርጠው አደገ። በግቢው የሚሠሩት ሰዎች ለዓመታት የለመዱት የመገጣጠሚያ ሕመምና የጠዋት ማቅለሽለሽ ቀለላቸው። አዟሪዎቹ አሁንም በር ያንኳኳሉ፤ ዕቃውን ከማሳየታቸው በፊት ግን ከምን እንደተሠራና ከምን እንዳልተሠራ ይናገራሉ። ገዢዎች ቀስ በቀስ ተመለሱ፤ ስሕተቱን ራሱ መጥቶ የነገራቸውን ቤት ካልነገራቸው ቤት ይልቅ አመኑት። በእጁ ሠርቶ በእጁ የሚሸጥ ሁሉ ይህን ያስብ፦ የገዢውን ደጅ ያወቀ ሰው በገዢው ድስት ውስጥ ለሚገባው ነገርም ኃላፊ ነው። መማርም ለዚህ ይጠቅማል፤ አባቶችን ለመንቀፍ ሳይሆን አባቶች ሊያዩት ያልቻሉትን አይቶ ለመናገር።

ያልተመለሰም አለ። ቻቤላ ከሆስፒታል በሕይወት ወጣች፤ ያጣችው ቃል ግን አብዛኛው አልመጣላትም። ሰው ሲጠራት ትዞራለች፤ ማን እንደጠራት ለማወቅ ግን ትቸገራለች።

ዶን አቡንዲዮ አሮጌዎቹን ማሰሮዎች ለመሰብሰብ ሐይቁን ራሳቸው ዞሩ። በአንድ መንደር አንዲት አሮጊት በሯ ላይ ቆማ ጨርሳ ሰማቻቸው። ማሰሮዋን አምጥታ በእጃቸው አኖረችና፣ «የሞቱብኝ ልጆችስ?» አለቻቸው።

«አላውቅም፣ እመቤቴ» አሉ። «ሊሆን ይችላል።»

ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ። እርሷ በሩን እስክትዘጋ ድረስ ቆሙ። ከዚያ የሚቀጥለውን በር አንኳኩ።